በደባል ቤት የድመት መጸዳጃ ሣጥን ሽታን መቆጣጠር

ድመት ራሷ የምትሸት እንስሳ አይደለችም። ገላዋን እየላሰች ስታጸዳ ትውላለች፤ ዓይነ ምድሯንም ቆፍራ ትቀብራለች። አንድ ቤት «ድመት ድመት ይሸታል» ሲባል ሽታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከድመቷ ሳይሆን ከመጸዳጃ ሣጥኗ ነው፤ የሣጥኑ ንጽሕና ደግሞ የሰው ሥራ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ይህን ሥራ ቢያጓድል የሚጎዳው ራሱን ነው። በደባልነት በሚኖርበት አፓርትመንት ግን ሳሎኑ፣ ኮሪደሩና አየሩ የጋራ ስለሆኑ፣ ድመቷን ያላመጣውና ስለ እርሷም ያልተጠየቀው ሰው ሽታውን እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ የተጻፈው በዋናነት ለድመቷ ባለቤት ነው፤ ደባሉ የሚመለከተው መጨረሻ አካባቢ ብቻ ነው።

ሽታው እንዴት እንደሚፈጠር

ጤናማና የተኮላሸ ድመት ገና የሸናው ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ሽታው የሚሠራው ከሽንቱ በኋላ በሚያልፉት ሰዓታት ውስጥ ነው። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ ደረቅ አካባቢ ይኖር ከነበረ የዱር ድመት ስለሚመዘዝ፣ ኩላሊቷ ውኃን ቆጥቦ ሽንቱን እጅግ የማወፈር ችሎታ አለው፤ በዚህ በወፈረ ሽንት ውስጥ ደግሞ ዩሪያ በብዛት ይገኛል። ባክቴሪያዎች ዩሬዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ አፍንጫን የሚሰነፍጠውና ዓይንን የሚቆጠቁጠው ይህ ጋዝ ነው። ከዚህም ሌላ በድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል፣ ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ አለ። እርሱም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ድኝ ያዘሉ ተናኝ ውህዶችን ይለቃል፤ ከሌላ እንስሳ ሽንት ለይተን «ይህ የድመት ነው» እንድንል የሚያደርገንም ይኸው ነው። ያልተኮላሹ ወንድ ድመቶች ፌሊኒንን ከሌሎቹ በበለጠ መጠን ያመነጫሉ፤ ስለዚህ የእነርሱ ሽንት የባሰ ቢከረፋ ሊያስደንቅ አይገባም።

ዓይነ ምድር በተቃራኒው ነው። በጣም የሚሸተው በወጣበት ጊዜ ሲሆን፣ እየደረቀ በሄደ መጠን ሽታው ይቀንሳል። ከዚህ ልዩነት የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው፤ ዓይነ ምድር እንደ ታየ ወዲያው መነሣት አለበት፣ ሽንት ደግሞ ወደ አሞኒያ የመለወጥ ጊዜ ሳያገኝ ከነአሸዋው ከቤት መውጣት አለበት። ከዚህ በኋላ የምንነጋገርባቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ጊዜ ለማሳጠር የሚደረጉ ናቸው።

አንድ ሌላ እንቅፋትም አለ፤ እርሱም የባለቤቱ አፍንጫ ነው። የሰው አፍንጫ ሳይቋረጥ የሚያገኘውን ሽታ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይላመደዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽታው እያለ እንደሌለ ይሆንበታል። ስለዚህ ደባሉ «ይሸታል» ሲል ባለቤቱ «ለእኔ አይሸተኝም» ብሎ መመለሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። የራስን ቤት ሽታ ለማወቅ የሚቻለው ለሰዓታት ውጭ ቆይቶ ሲመለሱ፣ በር ተከፍቶ በሚገባበት በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ የተሰማዎትን አስታውሰው ይያዙ፤ አፍንጫዎ እስኪላመድ አይጠብቁ።

ሣጥኑና አሸዋው

ጠባብ ሣጥን የብዙ ችግር ምንጭ ነው። የሣጥኑ ርዝመት ድመቷ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ካላት ርዝመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ዞራ መቆፈር ያልቻለች ድመት ዓይነ ምድሯን ሳትቀብር ትወጣለች ወይም ሽንቷን በጠርዙ ላይ ታፈስሳለች። ግድግዳው ከፍ ያለ ሣጥን ለዚህ ይረዳል፤ ዕድሜዋ የገፋ ወይም መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት ግን በአንድ በኩል ዝቅ ያለ መግቢያ ያስፈልጋታል። ቁጥሩን በተመለከተ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት በድመቶቹ ቁጥር ልክ ሆኖ አንድ ተጨማሪ ሣጥን እንዲኖር ነው። ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ይህ ሁልጊዜ አይቻል ይሆናል፤ ሣጥኑ ባነሰ ቁጥር ግን ማጽዳቱ መደጋገም አለበት።

ክዳን ያለው ሣጥን ለዓይን ደስ ይላል፤ በደባል ቤትም ብዙ ሰው የሚመርጠው እርሱን ነው። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ በክዳን እጠቀም ነበር፤ በኋላ የገባኝ ግን ክዳኑ ሽታውን ከቤቱ ይልቅ ከእኔ እየደበቀው መሆኑን ነው። ውስጡ የማይታይ ሣጥን ይረሳል። በዚያ ላይ የታመቀውን አሞኒያ ከሁሉ አስቀድማ የምታገኘው፣ አፍንጫዋ ከሰው እጅግ የላቀው ድመቷ ነች፤ እርሷም ሣጥኑን ትታ ምንጣፍ ልትመርጥ ትችላለች። ክዳን የግድ ካስፈለገ በውስጡ የሚገጠመውን የካርቦን ማጣሪያ በአምራቹ መመሪያ መሠረት መቀየርና ክዳኑን በየቀኑ ለማንሳት ራስን ማስለመድ ያስፈልጋል።

ሣጥኑ የሚሞላበት ነገር በልማድ አሸዋ ይባል እንጂ ሁልጊዜ አሸዋ አይደለም። ቀድሞ ሰዎች አመድ፣ አፈርና እውነተኛ አሸዋ ይጠቀሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ኤድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ ውኃ የሚመጥ ሸክላ ለዚህ አገልግሎት መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ ቤንቶናይት በተባለ ሸክላ የሚሠራው፣ ሽንት ሲነካው አብጦ የሚጓጉለው ዓይነት መጣ። በደባል ቤት ለሚኖር ሰው በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ የሚጓጉለው ነው፤ ምክንያቱም ሽንቱን ከቀሪው አሸዋ ለይቶ በየቀኑ ለማውጣት ያስችላል። የማይጓጉለው ተራ ሸክላ ሽንቱን መጥጦ ወደ ታች ስለሚያሰርገው፣ በላዩ ደረቅ መስሎ በሥሩ ይከረፋል፤ ዋጋው ቢረክስም ሙሉ በሙሉ ቶሎ ቶሎ መቀየርን ይጠይቃል። ሲሊካ ጄል ሽንቱን ውስጡ ይይዛል፣ ውኃውም ቀስ በቀስ ይተናል፤ ነገር ግን በየቀኑ ካልተገላበጠ አንዱ ቦታ ይጠግብና ሽንቱ ከሥር ይጠራቀማል። የእንጨት እንክብል የራሱ ደስ የሚል ጠረን አለው፤ ሽንት ሲነካው ወደ ሰጋቱራ ስለሚፈርስ ለእርሱ የሚመቸው ወንፊት ያለው ባለ ሁለት ንብርብር ሣጥን ነው። ለትናንሽ ግልገሎች የሚጓጉለው ዓይነት አይመከርም፤ ሊቀምሱትና ሊውጡት ይችላሉና።

ሽቶ የተጨመረበትን አሸዋ አይግዙ። ሽቶው ለሰው የሚጥም ቢመስልም ለድመቷ የሚያውካት ሊሆን ይችላል፤ ለደባሉም ሽንትና አበባ ተደባልቀው ሲመጡ ከሽንቱ ብቻ የከፋ ነው። የአሸዋ ዓይነት መቀየር ሲያስፈልግ በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ በሳምንት እስከ 10 ቀን ውስጥ ድርሻውን ያሳድጉ።

የአሸዋው ጥልቀት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ካነሰ ሽንቱ ሳይጓጉል ወደ ፕላስቲኩ ይደርስና ከሥሩ ይጣበቃል፤ ሲፋቅ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም በንጹሑ አሸዋ ውስጥ ተበትኖ መሽተቱን ይቀጥላል። «በየቀኑ እያነሣሁ ለምን ይሸታል?» የሚል ሰው በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው ይህን ነው።

ዕለታዊው ሥራ

በቀን አንድ ጊዜ ማንሣት ዝቅተኛው ልክ ነው፤ በደባል ቤት ግን ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ ቢሆን ይሻላል። ድመት በቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ልትሸና ስለምትችል፣ የማታው ማንሣት ሌሊቱን በሙሉ ተዘግቶ የሚያድረው አየር እንዳይበከል ያደርጋል። ቀዳዳዎቹ ጠባብ የሆኑ፣ ጠንካራ የብረት ማንሻ ከቀጭኑ ፕላስቲክ የተሻለ ነው፤ ጓሉን ሳይሰብር ከሥሩ ያነሣል። ገና የተሸናበት ጓል ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይፈርሳል፤ ድመቷ አሁን ከሣጥኑ ወጥታ ከሆነ ዓይነ ምድሩን ወዲያው፣ ሽንቱን ግን ጥቂት ቆይቶ ከጠነከረ በኋላ ማንሣት ይሻላል። ማንሻውም ራሱ እንደሚሸት አይዘንጉ፤ በየሳምንቱ ታጥቦ መድረቅ አለበት።

የተነሣው ነገር የሚሄድበት ቦታ ከማንሣቱ እኩል አስፈላጊ ነው። ሽታውን ከሣጥን አውጥቶ ወደ ወጥ ቤቱ የጋራ ቆሻሻ መጣያ ማዛወር ሥራ አይባልም። በትንሽ ፌስታል አድርገው አየሩን አስወጥተው በጥብቅ ይቋጥሩ፤ ከዚያም ከአፓርትመንቱ ውጭ ወዳለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በዕለቱ ይውሰዱ። በየቀኑ መውረድ የማይመች ከሆነ በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው ባልዲ ለዚህ ብቻ ለይተው ይያዙ፤ ባልዲው ከሁለት ቀን በላይ ሳይጸዳ አይቆይ። አሸዋውን ወደ ሽንት ቤት መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በውኃ የሚያብጥ ሸክላ ቧንቧ ውስጥም ያብጣል፤ የተደፈነው ቧንቧ ደግሞ የሁሉም ችግር ይሆናል።

በማንሣት የጎደለውን አሸዋ እየተኩ ቢቆዩም፣ የሚጓጉለው ዓይነት በሁለት እስከ አራት ሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት። ተራው ሸክላ ቢያንስ በየሳምንቱ ይቀየራል። በዚያን ጊዜ ሣጥኑን በሙቅ ውኃና ሽቶ በሌለው ሳሙና ይጠቡ፤ የሽንት ዝቃጭ ካለ አቼቶን ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለው ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩበት፣ በሚገባም ያለቅልቁት። አሞኒያ ባሕርዩ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ በመሆኑ የአቼቶው አሲድ ያረክሰዋል። ሣጥኑ ጨርሶ ሳይደርቅ አዲስ አሸዋ አይጨምሩበት። ፕላስቲክ ደግሞ በጥፍርና በማንሻ ሲጫር ጭረቶቹ ውስጥ ሽታ ይቀራል፤ ታጥቦና ደርቆ፣ ባዶውን እያለ አሁንም የሚሸት ሣጥን ዕድሜው አልቋል ማለት ነውና ይቀየር። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በዓመት ገደማ ነው። ራሱን በራሱ የሚያጸዳ የኤሌክትሪክ ሣጥን የማንሣቱን ድግግሞሽ ይቀንሳል እንጂ የቆሻሻ መያዣውን ከመድፋት አያድንም።

ሣጥኑ የሚቀመጥበት ቦታና አየሩ

የእኔ አቋም ሣጥኑ በተቻለ መጠን በባለቤቱ መኝታ ክፍል ይቀመጥ የሚል ነው። ጽድቅ ፍለጋ አይደለም፤ ሽታውን መጀመሪያ የሚያገኘው ሊያጸዳው የሚገባው ሰው ሲሆን ሥራው ስለሚፈጥን ነው። ይህ የሚሆነው ግን ክፍሉ መስኮት ካለውና በሩ ለድመቷ ቀንም ሌሊትም ክፍት መሆን ከቻለ ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤት የተለመደው ሌላ ምርጫ ነው፤ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ካለው ጥሩ ነው፤ ከሌለው ግን የገላ መታጠቢያው እንፋሎት አሸዋውን ያረጥበዋል፣ እርጥበቱም የባክቴሪያውን ሥራ ያፋጥናል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ገብቶ በሩን በቆለፈ ቁጥር ድመቷ መጸዳጃ ታጣለች። ወጥ ቤት፣ የድመቷ ምግብና ውኃ የሚቀመጡበት ጥግ፣ እንዲሁም በድንገት የሚጮህ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ለሣጥን የማይሆኑ ቦታዎች ናቸው።

መስኮት ሲከፈት አየሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ ይመልከቱ። ከሣጥኑ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ መልካም ነው፤ ከመስኮቱ ገብቶ በሣጥኑ ላይ አልፎ ወደ ሳሎን የሚነፍስ ከሆነ ግን መስኮቱን መክፈት ሽታውን ለደባሉ መላክ ይሆናል። የአየር ማጣሪያ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስቡ ከሆነ፣ አቧራ የሚይዘው ማጣሪያ ብቻውን ጋዝን እንደማይዝ ይወቁ፤ ጋዝ የሚይዘው የካርቦን ንብርብር ነው፤ እርሱም ስስ ሳይሆን ክብደት ያለው መሆን አለበት፣ ሲጠግብም ይቀየራል።

ሽታን በሽታ ስለ መሸፈን

የሚረጭ ሽቶ፣ ሻማና ጭስ የሽታውን ምንጭ አይነኩትም፤ ባለቤቱ ግን ችግሩ የተፈታ ይመስለውና ማንሣቱን ያዘገያል። ከሁሉ የከፋው በኤሌክትሪክ እየሞቀ የሚተን መዓዛማ የዕፅዋት ዘይት ነው። የድመት ጉበት ብዙ እንዲህ ያሉ ውህዶችን አፍርሶ የሚያስወግድበት ኢንዛይም ስለሚያንሰው፣ ለሰው ጉዳት የሌለው ዘይት ድመቷን ሊመርዛት ይችላል። ፌኖል የተባለ ኬሚካል ያለባቸው የወለል ማጽጃዎችም፣ ከእነርሱ መካከል ውኃ ሲነካቸው እንደ ወተት የሚነጡት፣ በዚሁ ምክንያት ከድመት አጠገብ ሊርቁ ይገባል።

በረኪናን በተመለከተ ጥንቃቄው ለሰውም ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሽንት ያደረበት ሣጥን ደግሞ አሞኒያ አለው። ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በር በተዘጋ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

ቤኪንግ ሶዳ ብዙ ሰው የሚያወድሰው ነገር ነው፤ እኔ ግን ብዙ አልጠብቅበትም። በሣጥኑ ወለል ላይ በስሱ ቢነሰነስ አሲድነት ያላቸውን ሽታዎች ይቀንሳል፤ ራሱ ቤዝነት ስላለው ግን በአሞኒያ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው። የማንሣትን ሥራ ሊተካ አይችልም።

ከሣጥኑ ውጭ የፈሰሰ ሽንት

ሣጥኑ ንጹሕ ሆኖ ቤቱ መሽተቱን ካላቆመ፣ በሌላ ቦታ የተሸና ነገር ይኖራል። ክፍሉን አጨልመው በአልትራቫዮሌት ባትሪ ቢፈትሹ የደረቀ ሽንት አንጸባርቆ ሊታይ ይችላል፤ የሶፋ ጥግ፣ የምንጣፍ ጠርዝና የልብስ ክምር በቅድሚያ የሚታዩ ናቸው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ ትኩስ ሽንትን በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ እንጂ ማሸት አይገባም። ከዚያ ለእንስሳት ሽንት የተዘጋጀ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ይፈስስበታል፤ ማጽጃው ሽንቱ የሰረገውን ያህል ሰርጎ፣ በመመሪያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በረኪናና ጠንካራ ሳሙና አስቀድመው ከነኩት ኢንዛይሙ ሥራውን ላይሠራ ይችላል።

ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ግድግዳ ላይ ሽንት የሚረጨው ክልሉን ለማስታወቅ ነው፤ በማኮላሸት ከ10 ድመቶች በ9ኙ ገደማ ይህ ልማድ ይቀንሳል ወይም ይቀራል። በደባል ቤት ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ማኖርና ስለ ሽታ መነጋገር አብረው አይሄዱም። የሽንቱ መጠን በድንገት ከጨመረ ኩላሊት ወይም ስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ወይም ድመቷን የያዛት ተቅማጥ ካልቆመ፣ ጉዳዩ የጽዳት ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም ነው። ምግብ ሲቀየርም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከሳምንት በላይ እየቀላቀሉ ይሁን፤ ድንገተኛ ለውጥ ሆድ ያበላሻል፣ የተበላሸ ሆድም ሽታ ነው።

ከደባል ጋር የሚደረግ ስምምነት

ድመቷ የአንድ ሰው ከሆነች ማንሣቱም፣ አሸዋ መግዣውም የእርሱ ነው፤ ደባሉ ድመቷን ቢያሻሽና ቢያጫውት እንኳ ባለዕዳ አያደርገውም። ድመቷ የጋራ ከሆነች ግን «ያየ ያንሣ» የሚባል ደንብ አይሠራም፤ ሁሉም ያየውን ሌላው ያነሣዋል ብሎ ያልፈዋል። የጠዋቱ የአንዱ፣ የማታው የሌላው ተብሎ በሰዓት ይከፈል፤ በሳምንት መከፋፈልም ይቻላል፣ ነገር ግን የሰነፉ ሳምንት ሰባት ቀን ይረዝማል። ከሁሉም በላይ «ይሸታል» የሚለው ቃል ክርክር ሳይሆን ምልክት እንዲሆን አስቀድመው ይስማሙ፤ ቃሉን የሰማ ተረኛ መጀመሪያ ሄዶ ያነሣል፣ ንግግር ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይሆናል።

ከደባሎቹ መካከል ነፍሰ ጡር ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ ከማንሣቱ ተራ ይውጣ። በድመት ዓይነ ምድር ሊወጣ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ የሚደርሰው ከ1 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በየቀኑ ማንሣት ከሽታው ጋር ይህንንም አደጋ ይቀንሳል፤ ሌላ ሰው ከሌለ በጓንት ሠርቶ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ባለቤቱ ለቀናት ሲርቅ ከመውጣቱ በፊት አሸዋውን ሙሉ በሙሉ ይቀይር፣ ፌስታሎቹንና ማንሻውን በአንድ ቦታ ያስቀምጥ፣ ለተረካቢውም አሠራሩን በቃል ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜ አብሮት በመሥራት ያሳየው። የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ቁጥር በማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፍ፤ ወንድ ድመት ሣጥኑ ውስጥ ደጋግሞ እየገባ እያማጠ ሽንት ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና፣ ተረካቢው የባለቤቱን መመለስ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሊወስደው ይገባል።